የቀልደኛው ሥጋት፤ ስለ ቶኒ ሃንኮክ የቴሌቪዥን ሥራ የቀረበ ሒስ

ሌላውን የሚያስቅ ሰው ለብቻው ሲሆን ያለቅሳል የሚል አስተያየት በብዙ አገር የተለመደ ነው። ስለ እንግሊዛዊው ቀልደኛ ስለ ቶኒ ሃንኮክ ከተጻፉት ጽሑፎች ብዙዎቹ በዚሁ አስተያየት ላይ የቆሙ ናቸው። ባጭሩ የሚሉት ይህን ነው፤ ሃንኮክ ሲፈጠር ጀምሮ ሥጋት ያደረበት ሰው ነበር፤ ሥጋቱ ታላቅ የጥበብ ሰው አደረገው፤ በመጨረሻም ይኸው ሥጋት ሕይወቱን አሳጣው። አባባሉ ለጆሮ የሚጥም ስለ ሆነ እየተደጋገመ ይነገራል። እኛ ግን ሁለት ጉድለት እናገኝበታለን። አንደኛው ጉድለት ሁሉን ነገር በሰውየው ተፈጥሮ ላይ አሳብቦ ሥራውን ሳይመረምር ማለፉ ነው። ሁለተኛው ጉድለት የሚጎዳው ሙያውን ለመያዝ የሚያስቡትን ወጣቶች ነው፤ ጭንቀት የተሰጥዖ ዋጋ ነውና ዝም ብላችሁ ክፈሉ ብሎ ያስተምራቸዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው። አንድ ሰው በቴሌቪዥን ቀልድ ኑሮውን ሲመሠርት የሚያድርበት ሥጋት ከየት ይመጣል? ሥጋቱን ለመቻል ከሚደረጉት ነገሮችስ የትኞቹ ሥራውን ያግዛሉ፣ የትኞቹስ ያበላሻሉ? ለዚህ ምርመራ ሃንኮክን የመረጥነው ከሥራው ብዙው በቅጂ ተጠብቆ ስለሚገኝ፣ ሥጋቱም በሥራው ላይ ጥሎት ያለፈው ምልክት በዐይን የሚታይ ስለ ሆነ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የሰውየው መንገድ

ሃንኮክ በ1924 በበርሚንግሃም ከተማ ተወለደ። ያደገው ወላጆቹ ሆቴል ይዘው ይተዳደሩበት በነበረው ቦርንማውዝ በሚባለው የባሕር ዳር ከተማ ነው። አባቱም የመድረክ ቀልድ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ልጁ ገና ሳያድግ ሞተ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሃንኮክ በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ ሲያገለግል ወታደሮችን ከሚያዝናናው ቡድን ጋር ይጫወት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948፣ ዊንድሚል በሚባለው የለንደን ቴአትር ቤት ሠራ። ከ1951 ጀምሮ «ኤዱኬቲንግ አርቺ» በሚባለው የራዲዮ ጨዋታ ውስጥ የአንድ አሻንጉሊት አስተማሪ ሆኖ በመቅረቡ ስሙ በአገሩ ሁሉ ታወቀ። ኅዳር 2 ቀን 1954 የራሱ የራዲዮ ጨዋታ «የሃንኮክ ግማሽ ሰዓት» ተብሎ በቢ.ቢ.ሲ. ተጀመረ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1956 ደግሞ በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። እስከ 1961 ድረስ በቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን የቀረቡት ክፍሎች 63 ናቸው፤ በራዲዮ የቀረቡት ደግሞ ከ100 ይበልጣሉ።

ይህ ቁጥር ራሱ ሊጤን የሚገባው ነው። በሰባት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ይህ ሰው ከአንድ መቶ ስድሳ በላይ አዳዲስ ጨዋታዎችን አጥንቶ በሕዝብ ፊት አቅርቧል ማለት ነው። ሥጋቱ ከየት መጣ ብለን ስንጠይቅ መጀመሪያ የምንመለከተው ይህን የሥራ ብዛት መሆን አለበት እንላለን።

፪. ሥራው ከሰው የሚጠይቀው

የቀልድ ሥራ ከቴሌቪዥን በፊትም ነበረ። በእንግሊዝ አገር የመድረክ ቀልደኛ አንድ ዐሥር ደቂቃ የሚሆን ጨዋታ ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ለዓመታት ሊኖርበት ይችል ነበር። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። አዝማሪ በአንድ ጠጅ ቤት ያስደነቀበትን ቅኔ በማግሥቱ ከሌላ ቤት ወስዶ ያሰማዋል፤ የሰሚው ስም ተለውጦ፣ አንድ ቃል ተሽሮ፣ ሌላ ቃል ገብቶ፣ ቅኔው ሲደጋገም ይሳላል እንጂ አያልቅም። ያልሰማው ሰው ሁልጊዜ አለና።

ቴሌቪዥን ይህን ሥርዓት አፈረሰው። በአንድ ምሽት ሚሊዮን ሕዝብ ያየውን ቀልድ በሚቀጥለው ሳምንት መልሶ ማቅረብ አይቻልም። ቀልደኛው ዛሬ ቢሳካለት የሚያገኘው ሽልማት የሰባት ቀን ቀጠሮ ነው። እንዲያውም መሳካቱ ራሱ ሸክሙን ይጨምርበታል፤ ሕዝቡ ባለፈው ሳምንት ከሳቀው ያነሰ ቢስቅ ሰውየው እንደ ወደቀ ይቈጠራልና። ይህ የሥጋቱ የመጀመሪያው ምንጭ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የቀጥታ ሥርጭት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የቴሌቪዥን ጨዋታ በአመዛኙ እየተሠራ በዚያው ደቂቃ ይተላለፍ ነበር። የተሳሳተ ቃል አይመለስም። ለማስረዳት ያህል፣ በታኅሣሥ 1957 በቀረበ አንድ ክፍል በሰዓቱ እንዲፈራርስ ተደርጎ የተሠራው የቤት ዕቃ ከሰዓቱ በፊት መውደቅ ጀመረ። ሃንኮክና ባልደረቦቹ ጠረጴዛውን በእጃቸው ደግፈው ይዘው ጨዋታውን መቀጠል ግድ ሆነባቸው። ተመልካቹ ሳቀ፤ ተዋናዮቹ ግን የያዙት ዕቃ ቢወድቅ ድርሰቱም አብሮ እንደሚወድቅ ያውቁ ነበር።

ሦስተኛው ምንጭ ከሁለቱ የረቀቀ ነው። ሃንኮክ የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ ስሙ ሃንኮክ ነበር። ጥቁር ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጠጉራም ክሳድ ያለው ካፖርት ለብሶ፣ ኢስት ቺም በሚባል ሠፈር በባቡር ሐዲድ አጠገብ በቁጥር 23 ቤት የሚኖር፣ ከችሎታው በላይ የሚመኝ፣ ኩሩና ቂመኛ ሰው ነው። ንጉሥ ወይም ወታደር ሆኖ የሚጫወት ተዋናይ ልብሱን ሲያወልቅ ገጸ ባሕርዩም አብሮ ይወልቃል። በራሱ ስም የሚጫወት ሰው ግን ሕዝቡ በመንገድ ሲያገኘው ያንኑ ሰው ይጠብቅበታል። ጨዋታው አልተወደደም ማለት እርሱ ራሱ አልተወደደም ማለት ይሆንበታል።

እነዚህ ሦስት ምንጮች በማንም ሰው ተፈጥሮ ላይ የተመሠረቱ አይደሉም፤ በሥራው አደረጃጀት ውስጥ ያሉ ናቸው። ሃንኮክ ለሥጋት የቀረበ ጠባይ እንደ ነበረው አንክድም። በ1955 በለንደን አንድ የመድረክ ትርዒት ሲሠራ ሳለ በድንገት ጥሎ ወደ ውጭ አገር ሄደ፤ ከዚህ የተነሣ የራዲዮ ጨዋታው ሁለተኛው ዙር ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ሃሪ ሴኮም በእርሱ ተተክቶ ተጫወተ። ነገር ግን ያው ሰው ተመልሶ ስድስት ዓመት ያህል ድንቅ ሥራ ሠራ። ጠባዩ አልተለወጠም። ታዲያ በእነዚያ ዓመታት ሸክሙን ያስቻለው ምን ነበር?

፫. ሸክሙን የተካፈሉት

የመጀመሪያዎቹ ተካፋዮች ሁለት ደራስያን ናቸው። ሬይ ጋልተንና አለን ሲምፕሰን በ1948 ሚልፎርድ በሚባል የሳንባ ነቀርሳ መታከሚያ ውስጥ ሕመምተኞች ሆነው ተገናኙ፤ ሁለቱም ገና ወጣቶች ነበሩ። ከዚያ ከወጡ በኋላ አብረው መጻፍ ጀመሩ፤ የሃንኮክን ጨዋታዎች ከሞላ ጐደል ሁሉንም የጻፉት እነርሱ ናቸው። ሃንኮክ ደራሲ አልነበረም፤ የሰውን ድርሰት ተቀብሎ ግን በፊቱና በድምፁ ከተጻፈው በላይ ያደርገው ነበር። እንግዲህ በየሳምንቱ አዲስ ነገር የመፍጠሩን ሸክም ሁለት ሰዎች ወሰዱለት፤ ለእርሱ የቀረው ማጥናትና መጫወት ነው።

ሁለተኛው ተካፋይ ሲድ ጄምስ ነው። ይህ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ተዋናይ በጨዋታው ውስጥ የሃንኮክ ወዳጅና አታላይ ሆኖ ይቀርብ ነበር። የጄምስ ጠባይ ከሃንኮክ ጋር ተቃራኒ ነው፤ የማይደነግጥ፣ ፊቱ የተጨማደደ፣ ሳቁ የሻከረ። ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ የተመልካቹ ዐይን ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚሄድ ሃንኮክ ለጥቂት ደቂቃ የሚያርፍበት ጊዜ ያገኛል። ይህን ዕረፍት ተመልካች አያስተውለውም፤ ለተዋናይ ግን እስትንፋስ ነው።

ሦስተኛው አዘጋጁ ዱንካን ዉድ ነው። በ1959 ጨዋታውን በቪዲዮ ቴፕ መቅረጽ ተጀመረ። ከዚያ በፊት ጨዋታው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ መሄድ ነበረበት፤ አሁን ግን በትንንሽ ክፍል እየተከፈለ ይቀረጽ ጀመር። ሃንኮክ የአንዱን ክፍል ቃል አጥርቶ ይጫወታል፤ ይቆማል፤ ወደ ቀጣዩ ይሸጋገራል። የዚህ አሠራር ጥቅም ለስሕተት ማረሚያ ብቻ አይደለም። ካሜራው ወደ ፊቱ ቀረብ ብሎ እንዲቆይ ጊዜ ሰጠ፤ የሃንኮክ ጥበብ ደግሞ በፊቱ ላይ ነበር። አንድ ሐሳብ ሲመጣለት፣ ሲያስደስተው፣ ከዚያም ሐሳቡ ከንቱ እንደ ሆነ ሲገባው፣ ሦስቱን ደረጃ ቃል ሳይናገር ያሳያል። ሥጋትን ለመቀነስ የተደረገው ለውጥ የሥራውን ጥራት ጨመረ ማለት ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአገራችን ምሳሌ እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ሕዝቡ በስሙ የሚያውቀው አንዱን ሰው ብቻ ቢሆንም ሎሚውን የያዙት ብዙዎች ነበሩ።

፬. ሁለት ጨዋታዎች ሲነጻጸሩ

ነገሩን በግልጥ ለማየት በ1961 ከቀረቡት ስድስት ክፍሎች ሁለቱን እናነጻጽራለን። ይህ ዙር «ሃንኮክ» ብቻ ተብሎ የተጠራ ሲሆን ሲድ ጄምስ የሌለበት ነው። እያንዳንዱ ክፍል 25 ደቂቃ ያህል ነው።

የመጀመሪያው ክፍል «ባለ አንድ ክፍሉ ተከራይ» ብለን ልንጠራው የምንችለው ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚታየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሃንኮክ አልጋው ላይ ተጋድሞ የሲጋራ ጢስ በቀለበት ቅርጽ ሊያወጣ ይሞክራል፤ ከንፈሩን ያቃጥለዋል። የበርትራንድ ራስልን የፍልስፍና መጽሐፍ አንሥቶ ለማንበብ ይጀምራል፤ ቃላቱን ለመረዳት መዝገበ ቃላት ያወጣል፤ መዝገበ ቃላቱ ደግሞ ወደ ሌላ ቃል ይመራዋል። ቴሌቪዥኑ ሥዕል አልሰጥ ይለዋል። አንዲት ሴት ሌላ ሰው ፈልጋ በስልክ ትደውልና ወደ ግብዣ ትጠራዋለች፤ ለግብዣው ሲሰናዳ ሳለ እንደገና ደውላ ትተወዋለች። ከዚህ ሌላ የሚሆን ነገር የለም።

ይህን ክፍል ስንመለከተው የምናደንቀው የሰውየውን ዐይን ነው። ዐይኑ የሚያየው በክፍሉ ውስጥ ያለውን ዕቃ ነው፤ መስተዋቱን፣ መጽሐፉን፣ ከንፈሩን። ጽሑፉን በቃሉ ስለ ያዘው ሐሳቡ ነጻ ነው። ብቸኝነቱ የገጸ ባሕርዩ ነው እንጂ የተዋናዩ አይደለም፤ ምክንያቱም ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በስተጀርባ የደራስያኑ ድርሰትና የአዘጋጁ ልምምድ አለ። ሰውየው ባዶ ክፍል ውስጥ ቢታይም ብቻውን አይደለም።

ሁለተኛው «ደም ለጋሹ» ነው፤ ሰኔ 23 ቀን 1961 የታየ ሲሆን ከሥራዎቹ ሁሉ የበለጠ የታወቀው ይህ ነው። ሃንኮክ ለአገሩ ደግ ነገር ለማድረግ አስቦ ደም ሊሰጥ ይሄዳል። ሐኪሙ ከጣቱ ጥቂት ጠብታ ሲወስድ ሥራው ያለቀ መስሎት ተነሥቶ ሊሄድ ይላል። የሚፈለገው ከግማሽ ሊትር የሚበልጥ መሆኑ ሲነገረው ይደነግጣል፤ ደሙ የማይገኝ ዓይነት መሆኑ ሲነገረው ግን ወዲያው ይኰራል። በመጨረሻ ቤቱ ሆኖ ዳቦ ሲቈርስ በቢላዋ ይቈረጥና ወደ ሐኪም ቤት ይመለሳል፤ የሚሰጠውም ያው የራሱ ደም ይሆናል። ድርሰቱ ምንም እንከን የለበትም። የምጽዋት ትዕቢትን እንዲህ አድርጎ የገለጠ የቴሌቪዥን ጨዋታ ብዙ አይገኝም።

ነገር ግን ከቀረጻው ጥቂት ቀን በፊት ሃንኮክ የመኪና አደጋ ደርሶበት ራሱን ተመትቶ ነበር። ቃሉን ለማጥናት አልቻለም። ስለዚህ ንግግሩ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ በካሜራዎቹ አጠገብ ተደረገለት። ቅጂውን አሁን የሚመለከት ሰው ይህን ሳይነገረው ሊደርስበት ይችላል። ሐኪሙ ሲያነጋግረው ሃንኮክ የሚያየው ሐኪሙን አይደለም፤ ከሐኪሙ ትከሻ አልፎ ሌላ ነገር ያያል። ዐይኑ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የተናገረው ቃል ትክክል ነው፤ ድምፁም ትክክል ነው፤ በሁለቱ ሰዎች መካከል ይመላለስ የነበረው ነገር ግን ጐድሏል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንጠብቃለን። «ሰሌዳው ይህን ያህል የሚጎዳ ቢሆን ኖሮ ይህ ክፍል ከሁሉ ይልቅ የተወደደ እንዴት ሊሆን ቻለ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሳችን፣ በዚያች ቀን ሰሌዳው ተገቢ ነበር የሚል ነው። ለተጎዳ ሰው ምርኩዝ ይሰጠዋል፤ የድርሰቱ ኃይልም ጉድለቱን ሸፍኖታል። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሃንኮክ ራሱ ከዳነ በኋላም ሰሌዳውን አልተወውም። ከልምምድ ድካም፣ ቃል ይጠፋብኝ ይሆን ከሚል ፍርሃት የሚያድን መንገድ አገኘና ማጥናቱን እየተወ ሄደ።

ከዚህ ንጽጽር የምናገኘው ትምህርት የጽሑፋችን ዋና ሐሳብ ስለ ሆነ ገልጠን እንጻፈው። ሥጋትን ለማቅለል የሚደረግ እርዳታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዓይነት ሰውየው ሥራውን በሚገባ እንዲሠራ ያስችለዋል፤ ደራስያኑ፣ ባልደረባው፣ ቪዲዮ ቴፑ እንዲህ ያሉ ነበሩ። ሁለተኛው ዓይነት ሰውየውን ከሥራው ያሳርፈዋል፤ ሰሌዳው ልማድ ከሆነ በኋላ እንዲህ ያለ ሆነ፤ መጠጥም እንዲሁ። ሁለቱም ለዚያች ሌሊት ሥጋቱን ይቀንሳሉ። በማግሥቱ ግን የመጀመሪያው ሰውየውን ጠንክሮ፣ ሁለተኛው ደክሞ ያገኘዋል።

፭. ተካፋዮቹ የተሰናበቱበት ምክንያት

በ1960 ሃንኮክ ከሲድ ጄምስ ጋር በቴሌቪዥን መሥራቱን አቆመ። በ1961 መጨረሻ ላይ ደግሞ ከጋልተንና ከሲምፕሰን ተለየ። ይህን ስንፈርድ ትክክለኛ መሆን አለብን። ከጄምስ የተለየው ሁለቱ እንደማይነጣጠሉ ጥንድ መታየታቸው ስላሳሰበውና ጥበቡን ለማስፋት ስለ ፈለገ ነው። ይህ ምኞት የሚነቀፍ አይደለም፤ «ባለ አንድ ክፍሉ ተከራይ» ባንድ በኩል ሃንኮክ ትክክል እንደ ነበረ ያስረዳል። ያለ ጄምስ ሊያስቅ ችሏል።

ስሕተቱ ከዚህ ያወጣው መደምደሚያ ነው። ያለ አንዱ ተካፋይ መሥራቱን ሲያይ ያለ ሁሉም ሊሠራ የሚችል መሰለው። ሥጋት ያደረበት ሰው ይህን ማድረጉ የሚያስገርም ይመስላል፤ ነገር ግን የሥጋት ጠባይ ይህ ነው። የሚፈራ ሰው መመስገኑ የሌላው ሰው ሥራ ውጤት እንዳይሆን ይጠራጠራል፤ ጥርጣሬውን ለማጥፋት ሌላውን ሰው ያርቀዋል። የካቲት 7 ቀን 1960 ጆን ፍሪማን የሚባለው ጋዜጠኛ በቴሌቪዥን ስለ አስተዳደጉ፣ ስለ እምነቱና ስለ ሥራው ሲጠይቀው ሃንኮክ ያለ ቀልድ ሐሳቡን እያመዛዘነ ሲመልስ ይታያል። ስለ ራሱ መናገሩ መልካም ነበር። ግን የተናገረው በመብራትና በካሜራ ፊት ነው። ፍርሃት ከወዳጅ ወይም ከሐኪም ጋር ሲወያዩበት ይቀላል፤ በሕዝብ ፊት ሲታይ ግን እርሱም ራሱ ሌላ ትርዒት ይሆናል።

ከተለያዩ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። ጋልተንና ሲምፕሰን በ1962 «ስቴፕቶና ልጁ» የተባለውን ጨዋታ ጀመሩ፤ ስለ አንድ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ አባትና ስለ ልጁ የሚናገር ነው። ለዚህ ጨዋታ የመረጧቸው ቀልደኞችን ሳይሆን ተዋናዮችን ነው፤ ዊልፍሪድ ብራምብልንና ሃሪ ኤች. ኮርቤትን። እነዚህ በራሳቸው ስም አልተጫወቱም። የሥጋቱን ሦስተኛ ምንጭ ደራስያኑ በዚህ መንገድ ዘጉት ለማለት እንችላለን። ሃንኮክ በበኩሉ በ1963 «ዘ ፓንች ኤንድ ጁዲ ማን» የተባለውን ፊልም አወጣ፤ በዚያው ዓመት በሌላ የቴሌቪዥን ድርጅት በሌሎች ደራስያን ሞከረ፤ የቀድሞውን ያህል አልሆነም። መጠጡም በረታበት። ሰኔ 25 ቀን 1968 በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ አዲስ ተከታታይ ጨዋታ እየሠራ ሳለ በ44 ዓመቱ በገዛ እጁ ሞተ።

፮. በሌላ አገር የቀረበ ፈተና

እስከዚህ የተናገርነው በሃንኮክ ብቻ ላይ የተመሠረተ እንዳይሆን በአሜሪካ በሠራው በሲድ ሲዘር ልንፈትነው ይገባል። ፈተናው ለሐሳባችን ቀላል አይደለም። ሲዘር ከየካቲት 1950 እስከ ሰኔ 1954 «የአንተ ትርዒተ ትርዒቶች» ብለን ልንተረጕመው በምንችለው ጨዋታ በኤን.ቢ.ሲ. ሲሠራ ከእርሱ ይልቅ ብዙ ተካፋይ የነበረው ቀልደኛ አልነበረም። ኢሞጂን ኮካ፣ ካርል ራይነርና ሃዋርድ ሞሪስ አብረውት ይጫወቱ ነበር። ከደራስያኑ መካከል ሜል ቶልኪን፣ ሉሲል ካለን፣ ሜል ብሩክስና ኒል ሳይመን ነበሩበት። ይሁን እንጂ ሲዘር በሥጋት ተይዞ በመጠጥና በማስተኛ መድኃኒት ብዙ ዓመት አሳልፏል። ታዲያ ሸክም መካፈል ሥጋትን ያቀላል ያልነው ውሸት ነውን?

አይደለም። የሲዘርን ሥራ በቅርብ ስናይ ያልተካፈለው ነገር ይገኛል። ትርዒቱ በየቅዳሜው ምሽት 90 ደቂቃ፣ በዓመት 39 ሳምንት፣ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ድርሰቱን ብዙዎች ይጽፉታል፤ ለማረም የማይቻለውን ሰዓት የሚሸከም ግን አንድ ሰው ነበር። በዚያው ዘመን፣ ከጥቅምት 1951 ጀምሮ፣ ሉሲል ቦል «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለውን ጨዋታዋን በተመልካች ፊት በሦስት ካሜራ በፊልም ታስነሣ ነበር፤ ስለዚህ የተበላሸውን ለማረም ይቻል ነበር። መንገዱ ነበረ ማለት ነው፤ የሲዘር ትርዒት ግን አልተከተለውም።

ሲዘር ሥጋቱን የሸሸገበት ጥበብም ሊጠቀስ የሚገባው ነው። አባቱ በዮንከርስ ከተማ ምግብ ቤት ነበረው፤ ሕፃኑ ከልዩ ልዩ አገር የመጡትን ሠራተኞች ሲያስተናግድ የየቋንቋቸውን ዜማ ይዞ ትርጕም የሌለው ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛና ኢጣልያንኛ መናገር ለመደ። በዚህ ጨዋታ ወደር አልነበረውም። ነገር ግን በራሱ ድምፅ ለሕዝብ ደኅና አመሻችሁ ማለት ይቸግረው እንደ ነበር የታወቀ ነው። ሃንኮክ በራሱ ስም በመጫወቱ የሚሸሸግበት አጣ፤ ሲዘር ደግሞ ሁልጊዜ በሌላ ሰው ውስጥ ተሸሽጎ ከመጋረጃው በኋላ ለራሱ የሚሆን ድምፅ አጣ።

በ1977 ካናዳ ውስጥ በሬጃይና ከተማ በመድረክ ላይ ሲጫወት ቃሉ ጠፋበት፤ ለመቀጠልም አልቻለም። ከዚያ በኋላ ወደ ሕክምና ገባ። ለመዳን ከተጠቀመበት መንገድ አንዱ በየዕለቱ ድምፁን በቴፕ እየቀዳ ከራሱ ጋር መነጋገሩ ነው። ሕመሙን በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ ሳይሸሽግ ገለጠው። በ2014 በ91 ዓመቱ ዐረፈ። እንግዲህ ሥጋት ያለበት ቀልደኛ መጨረሻው የግድ ጥፋት ነው የሚለውን አስተያየት የሲዘር ዕድሜ ብቻውን ያፈርሰዋል። ከዳነ በኋላም ቀልደኛነቱ አልጠፋም፤ የቀድሞው ሥራው ሲወደስ ሥጋቱ እንደ ምክንያት መጠቀሱ ስለዚህ ትክክል አይደለም።

፯. መደምደሚያ

በአገራችን ቴሌቪዥን በ1964 ከተቋቋመ ወዲህ የቀልድ ጨዋታ በየጊዜው ቀርቧል። ዛሬ ደግሞ በቴሌቪዥንም ሆነ በስልክ ካሜራ በየሳምንቱ አዲስ ቀልድ የሚያቀርቡ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ደራሲው፣ ተዋናዩና አዘጋጁ አንድ ሰው ነው። ሦስቱም የሥጋት ምንጮች በእነርሱ ላይ አሉ፤ በየሳምንቱ አዲስ ነገር መፈለጉ፣ የተመልካች ፍርድ ወዲያው መድረሱ፣ በራስ ፊትና በራስ ስም መሥራቱ። ስለዚህ የሃንኮክ ነገር የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም።

ከምርመራችን ሦስት ነገር እናስገነዝባለን። አንደኛ፣ ሥጋት ሲበረታ ቀልደኛው መጠየቅ ያለበት «ምን ዓይነት ደካማ ሰው ነኝ?» ብሎ ሳይሆን «ከዚህ ሥራ ለብቻዬ የያዝኩት የትኛውን ነው?» ብሎ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የለውም፤ ለሁለተኛው ግን አለው፤ ደራሲ መፈለግ፣ የልምምድ ቀን መጨመር፣ የሚያቀርቡትን ጊዜ ማራራቅ ይቻላል። ሁለተኛ፣ የሚቀበለውን እርዳታ ሁሉ በማግሥቱ መመዘን ይገባዋል፤ ሥራውን እንዲሠራ ያስቻለው ነው ወይስ ከሥራው ያሳረፈው? ሦስተኛ፣ ሥጋቱ ከሥራው አልፎ እንቅልፍን፣ ምግብንና ሕይወትን ሲነካ የሐኪም ጉዳይ መሆኑን ማወቅ ነው፤ ይህንንም ለሕዝብ ከመናገር በፊት ለሚቀርቡት ሰው መናገር ይሻላል።

ለእኛ ለተማሪዎችና ለሒስ ጸሐፊዎችም የሚገባን ድርሻ አለ። አንድ ጨዋታ ሲያስቀን የምናመሰግነው ፊቱን ያየነውን ሰው ብቻ ነው፤ ሲያሰለቸንም የምንወቅሰው እርሱን ብቻ ነው። በዚህ አኳኋን ስንጽፍ ሃምሳውን ሎሚ እኛው በአንድ ሰው ላይ እንጭናለን። በመጨረሻ ላይ በስክሪኑ የሚያልፈውን የደራስያንና የአዘጋጆች ስም አንብበን፣ የማን ሥራ የት ላይ እንዳለ ለይተን ብንጽፍ ለሒስ ትክክለኛነት ይበጃል፤ ለቀልደኛውም ብቻውን እንዳልሆነ ያስታውሰዋል።